ባሕር በማጀቴ

ወንድሜ ጅዳ ነው። ሥራውን ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ መስጠት ያስቸግረኛል።

"ምን ይሠራል?"

"ዓሣ ይጠብቃል።"

"እረኛ ነው በለና!"

ከይፋት ቆላ ተነሥቶ ዓረብ አገር ግመል የጠበቀ አለ፤ ፍየል የጠበቀ አለ፤ ሾፌርና ግንበኛማ ሞልቷል። ዓሣ ጠባቂ ግን እኔ እስከማውቀው ማጀቴ ያፈራችው እሱን ብቻ ነው። የሚጠብቀው አንድ ሀብታም ሳሎኑ ውስጥ ያስገጠመውን አኳሪየም ነው፤ ግድግዳ ያክላል፣ 2,000 ሊትር የጨው ውሃ ይይዛል፣ ኮራልም አለበት።

ዓርብ ዓርብ ጌቶቹ ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ በኢሞ ይደውልልኛል። መጀመሪያ ፊቱን ያሳያል፣ የእናታችንን ጤና ይጠይቃል፣ ከዚያ ስልኩን ያዞረዋል። ስልኩ ሲዞር የእኛ ቤት ጸጥ ይላል። ሐምራዊ ነገር ይወዛወዛል። ጣት የሚመስል አረንጓዴ ነገር ይዘረጋል፣ ይጨበጣል። በመካከሉ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀች ብርቱካንማ ዓሣ ብቅ ጥልቅ ትላለች።

ባዮሎጂ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። ኮራል እንስሳ መሆኑን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ ልጆቹም ፈተና ላይ መልሰው ጽፈውልኛል። ከመካከላችን አይቶት የሚያውቅ ግን አልነበረም። ወንድሜ በእኔው ትምህርት የወደቀ ልጅ ነው (የጣልኩትም እኔው ነኝ፣ እስከ ዛሬ ይነሣል)። አሁን እሱ መምህር እኔ ተማሪ ሆነናል።

"ጋሼ፣ ይኼ የምታየው ድንጋይ ቤቱ ነው። ራሱ ነው የሠራው። ሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ለኮራሉ ያካፍለዋል። ውሃው ሲሞቅበት ግን ኮራሉ አልጌውን ከቤት ያባርረዋል፤ ይነጣል፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘለት በረሃብ ያልቃል።"

ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና፣ "ሙቀት ሲያናድደው ምግብ ሠሪውን የሚያባርር እዚህም ሞልቷል" አለች። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ነገሩ የተጀመረው በዕቃ ነው። ጌቶቹ ፓምፕ ሲቀይሩ፣ መብራት ሲቀይሩ፣ አሮጌውን "ጣለው" ይሉታል። የማጀቴ ልጅ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ አይጥልም። አገር በሚገባ ሰው ሻንጣ ሁሉ እየከፋፈለ ይልከው ጀመር። ፓምፑ ከአንዲት የሰፈራችን ልጅ ብርድ ልብስ ጋር ተጠቅልሎ መጣ። መብራቱ በሌላ ሰው መጣ። ስኪመር የሚባለው ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሦስት ወር የጃንጥላ ማስቀመጫ ሆኖ ከረመ። አንድ ቀን ሳየው አኳሪየም ለመሥራት የጎደለኝ አኳሪየሙ ብቻ ሆኗል።

መስታወቱን አዲስ አበባ አስቆረጥኩ፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር። በሁለት ፍራሽ መካከል ተጋድሞ በአይሱዙ ተጫነ፤ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ወረደ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሾፌሩ አቁሞ ብርቱካን ሲገዛ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እንዳይሰረቅ ሳይሆን ማንም እንዳይቀመጥበት። የብረት መቆሚያውን የበየደልኝ ሰው "ምን ያህል ነው የሚሸከመው?" አለኝ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 660 ሊትር እሞላለሁ፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ ከሥር የሚቀመጠው ገንዳ ሲደመር ወደ 10 ኩንታል ነው አልኩት። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

"ጤፍ ልትከምርበት ከሆነ መስታወቱ ለምን አስፈለገ?"

"ከሥር የሚቀመጠው ገንዳ" ያልኩት ሰምፕ ይባላል። ይህን ሳላውቅ ነበር የጀመርኩት። ለካ እነዚያ ጅዳ የማያቸው ውብ ነገሮች ሳሎኑ ብቻ ናቸው! ከላይ የሚፈሰው ውሃ በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች በካቢኔው ውስጥ፣ እንግዳ በማያየው ጨለማ፣ ሌላ ገንዳ አለ። ይጣራል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቆሻሻው ይወጣለታል፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል። ወንድሜ ይህን አስረድቶ ሳይጨርስ ባለቤቴ ሳቀች።

"ማጀት ነዋ! ምነው ይኼን ያህል አስረዘማችሁት?"

ማጀቴ ከተማ ውስጥ ተወልጄ፣ ማጀቴ አድጌ፣ የከተማዬ ስም ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን እንደ አዲስ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ሰምፕ ያለ የለም። ወንድሜ ራሱ ከጅዳ "ጋሼ፣ የማጀቱ ውሃ ስንት ላይ ነው?" ነው የሚለው።

ስኪመሩንም ያወቀችው ባለቤቴ ነች። ሥራው ቀላል ነው፤ በውሃው ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ ይለቃል፤ የዓሣው ኩስ፣ የተረፈው ምግብ፣ የሟሟው እድፍ አረፋው ላይ ይጣበቅና አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ባለ ኩባያ ቡናማ ሆኖ ይጠራቀማል። ቅልጥም ሲቀቀል የሚገፈፈው አረፋ ማለት ነው። "ገፈት ሰብሳቢ" አለችው። ኩባያውን ማን እንደሚደፋው ስጠይቅ ደግሞ የገፈት ቀማሹን ሹመት ለእኔ ሰጠችኝ። ሽታውን የቀመሰ ያውቀዋል።

ከዚያ ጨው። ባሕር በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር እንዲያውም ወደ 40 ይጠጋል። የእኔን 660 በ35 ስናባዛው 23 ኪሎ ወጣ። ለኮራል ተብሎ የሚዘጋጅ ጨው ጅዳ ሞልቷል፤ በባልዲ ይሸጣል። "በሰው ላክልኛ!" አልኩት።

"ጋሼ፣ 23 ኪሎ ነጭ ዱቄት ይዞ ቦሌ የሚወርድ ሰው ፈልግልኝና ልላክልህ።"

ስለዚህ ወደ ማጀቴ ገበያ ሄድኩ። የአፍዴራ ጨው፣ 25 ኪሎ። ባለሱቁ ሠርግ እንዳለብኝ ጠረጠረ። ቤት አምጥቼ በጥብጬ ስጨርስ ነው ወንድሜ ሌላውን መርዶ የነገረኝ። የባሕር ጨው ከመቶው 85 እጁ ያህል የወጥ ጨው ነው፤ በቀረው ማግኒዚየሙ፣ ሰልፌቱ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ አለ። ኮራል ቤቱን የሚሠራው ደግሞ ከካልሲየሙ ነው፤ በሊትር 400 ሚሊ ግራም ያህል ይፈልጋል። እኔ የበጠበጥኩት ባሕር ሳይሆን 660 ሊትር በአዮዲን የበለጸገ የወጥ ውሃ ነው። "ለእንቅርት ይሆናል" አለ ወንድሜ። ጨዋማነቱን ለመለካት የላከልኝን በዓይን የሚታይበት ቱቦ፣ ሪፍራክቶሜትር፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀስሬ ሳነብ፣ ባለቤቴ በጣቷ ቀምሳ "በዝቷል" ትላለች። ሦስት ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ገጠመች። ሦስቱንም ጊዜ ተስማሙ። ሪፍራክቶሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኮራሉ ራሱስ? እሱን ተዉት። ድንጋያማ ኮራል ሁሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ የገባ ስለሆነ ያለ ወረቀት ድንበር አይሻገርም። ወንድሜ ደግሞ ለራሱ ወረቀት ለማግኘት ያየውን መከራ ለኮራል ሊደግመው አልፈለገም። "መጀመሪያ ውሃውን እናብስለው" አለ። እኔም አመንኩት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ይህን ያህል መስታወት አይገዛም።

ውሃ ማብሰል የሚሉት ነገር ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ስድስቱንም ሳምንት ገንዳው ውስጥ ዓሣ አልነበረም። ነገሩ በባዮሎጂ መጽሐፋችን የናይትሮጅን ዑደት የሚባለው ነው። የሚበሰብስ ነገር አሞኒያ ይወልዳል፤ አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይኼኛው በመጠኑ ከሆነ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ መጠበቅ ነው። አኳሪየም ያለኝ መሆኑን የሰማ ሁሉ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ እንግዳው መስታወቱ ፊት ይቆማል፤ ውሃና ድንጋይ ያያል።

"ዓሣው የታል?"

"ገና ነው። አሁን ባክቴሪያ እያረባን ነው።"

እንዲህ ያለ መልስ አንዴ ከሰጡ በኋላ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነጋግርዎት። አንዲት ጎረቤታችን እትዬ ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርተው ጠበል ይዘውኝ ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ መኪናም እንደማይጠፋ ነገሯት። ያዳነችኝ እሷ ነች።

"እትዬ፣ ምንም አልሆነም። ጠንስሶ ነው።"

"ምኑን?"

"ውሃውን! ጥንስስ ላይ ነው። ጠላ ጥንስሱ ሳይነሣ ይጠመቃል?"

እትዬ ወዲያው ገባቸው። ቀርበው ውሃውን አሸተቱና ለእኔ ምክር ሰጡኝ፤ "ታዲያ ምን ስድስት ሳምንት ያስጠብቅሃል? እርሾ ካለው ሰው አትበደርም?" ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ እሳቸው ጅዳ ኖረው ያውቃሉ?" አለ። ለካ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ አዲስ ገንዳ ሲጀምሩ ከአሮጌው ገንዳ አንድ ድንጋይ ወይም የማጣሪያ ስፖንጅ አምጥተው ይከታሉ፣ ጥንስሱ ቶሎ ይነሣል። ችግሩ በሰሜን ሸዋ እርሾ የሚያበድረኝ ጎረቤት ማጣቴ ነው።

ባዶው ገንዳ ያጫወተንን ያህል የሞላው አጫውቶናል ለማለት አልደፍርም። አንድ እሑድ እዚያው ፊቱ ተቀምጠው ሁለት ሽማግሌዎች በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው ተያያዙ። አንዱ "ደም አለው" ይላሉ፤ ሌላው "አባቶቻችን በልተዋል" ይላሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው "ያንተ ዓሣ እንዴት ነው?" አሉኝ። ያልገባ ዓሣ የጾም ይሁን የፍስክ እንዴት ብዬ ልፍረድ? መካ ደርሰው የመጡት ጎረቤታችን ሐጂ ግን ጅዳ ላይ ባሕሩን በዓይናቸው ስላዩት የሰፈሩ ባለሥልጣን ሆነዋል። ገንዳውን ግራና ቀኝ አዩና "ልኩ ነው። የጎደለው መርከብ ብቻ ነው" አሉ። ትምህርት ቤት ደግሞ የታሪክ መምህሩ ጓደኛዬ ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ወሰደው፤ ይፋት ለባሕር እንግዳ እንዳልሆነች፣ በፈረንጆቹ 1285 የሸዋን ሱልጣኔት ያስገበሩት የይፋት ወላስማዎች እስከ ዘይላ ወደብ የተዘረጋውን የንግድ መንገድ ይዘው እንደነበር በሻይ ሰዓት ሙሉ ትምህርት ሰጠን። "አንተ ያመጣኸው ነገር የለም" አለኝ፣ "የነበረውን ነው የመለስከው።" ሒሳቡን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ የሻዩንም የባሕሩንም።

ስለ መብራቱም ልናገር። ለኮራል የሚሠራ መብራት ሰማያዊ ይበዛዋል፤ አልጌው የሚወደው ብርሃን ስለሆነ ነው። ኮራል ሳይኖረኝ ለምን አበራሁት ቢሉኝ መልስ የለኝም። አምሮኝ ነው። ማታ ማታ ሳሎናችን በመስኮቱ በኩል ሰማያዊ ሆኖ ወደ መንገዱ ይታያል። በአንድ ትንሽ ከተማ ከመሸ በኋላ ባለቀለም መብራት ያለበት ቤት ምን ቤት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የማላውቀው መንገደኛ ነው፤ ትንሽ ሞቅ ብሎታል፤ ሰላም ብሎ ገብቶ ተቀመጠ።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ውሃ አለ።"

"ሌላስ?"

"ጨው አለ።"

ገንዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ በፒጃማ ወደ በሩ ብቅ ያለችውን ልጄን አየ። "ይቅርታ" ብሎ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ በጣም በትሕትና፣ "ቢራ የሚገባው መቼ ነው?" አለኝ።

ሙቀቱ ሲመጣ ነገሩ ከበደ። ኮራል የሚወደው ውሃ 25 እና 26 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በበልጉ መጨረሻ የእኛ ቆርቆሮ ሥር ግን ያ የሌሊት ሙቀት ነው። ወንድሜ የሚጠቀመው ማቀዝቀዣ ማሽን ዋጋው የሚነገር አይደለም። እኔ ቬንትሌተር በውሃው ገጽ ላይ አዞርኩበት። ይሠራል! ውሃው እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ እንስራ በላቡ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ግን በቀን ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይጠጣል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ውሃው ሲሄድ ጨው አብሮ አይሄድም። ዛሬ ያልሞሉት እንደሆነ ነገ ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ ከነገ ወዲያ ይብሳል። የሚሞላውም ንጹሕ ውሃ መሆን አለበት፤ የቧንቧችን ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጠመኔ የሚጋግር ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከሮቶ እየቀዳሁ ጠዋትና ማታ መጨመር ሥራዬ ሆነ። አንድ ጊዜ ለደብረ ብርሃን ስብሰባ አራት ቀን ጠፍቼ ስመለስ የመስታወቱ ከንፈር በነጭ ጨው ተቀብቶ ቆየኝ።

እዚያው ቆሜ ደናክል ትዝ አለኝ። ከ120,000 ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ወደዚያ ረባዳ ገብቶ ነበር። የገባበት መንገድ ሲዘጋ ባሕሩ ተቆርጦ ቀረ፤ ፀሐይ ጠጣችው። ጨው ብቻ ተረፈ፤ አያቶቻችን አሞሌ አድርገው የተገበያዩበት ጨው። ዳር ዳሩ ላይ የዚያ ዘመን ኮራል ድንጋይ ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል። ኢትዮጵያ የራሷ ትልቅ አኳሪየም ነበራት ማለት ነው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚጨምር ሰው ጠፋ እንጂ። (የአፍዴራ ሐይቅ ግን ዛሬም ጉድ ያሰኛል፤ ያን ያህል ጨዋማ ሆኖ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ሁለት ዓይነት ትናንሽ ዓሦች ይኖሩበታል። ጨውን ከእነሱ አገር ገዝቼ እነሱን ማምጣት አለመቻሌ ይቆጨኛል።)

ጥንስሱ ተነሥቶ፣ የመመርመሪያው ጠብታ ቢጫውን ሳይለቅ በቆየበት ሳምንት፣ ማለትም ውሃው ዝግጁ በሆነበት ሳምንት፣ ሌሊት መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ፓምፕ ሲቆም ቱቦው ወደ ኋላ መምጠጡ ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚረጨው ቱቦ ጫፉ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ከሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ያው ቱቦ ከላይ ያለውን ወደ ማጀቱ መልሶ ያወርደዋል፤ ጫፉ ከውሃ እስኪወጣ አያቆምም። ወንድሜ "ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብለህ ቱቦው ላይ የምስማር ቀዳዳ ብሳ፣ አየር ሲገባበት ይቆማል" ብሎኝ ነበር። ነገ እበሳዋለሁ ያልኩት ቀዳዳ ነው። ማጀቱ ሞላ፤ ገነፈለ፤ ባሕሩ በሳሎኑ በር ሥር ወጥቶ ወደ እውነተኛው ማጀታችን ገባ። እዚያ የዓመቱ ማሾ በከረጢት ተቀምጧል።

ባለቤቴ በባዶ እግሯ የጨው ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ባትሪ ይዛ፣ መጀመሪያ ከረጢቱን አየች፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እኔን።

"የባሕር በር፣ የባሕር በር የሚሉት ይኼ ነው?"

ማሾውን አጥበን አሰጣነው። ለሦስት ወር ስንበላው ጨው ጨምረን አናውቅም።

የጨው ዘመናችንን የዘጋው ግን ጎርፉ ሳይሆን ዝገቱ ነው። ጨው ይሳባል፤ በመስታወቱ ይወጣል፣ በሽቦው ይሄዳል፣ ሶኬቱ ላይ ያብባል። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ የመቆሚያውን እግር በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ቂጣ ተፈረፈረ። አሥር ኩንታል የቆመበት እግር! በያጁን ጠራሁት። አየና "ጤፍ ነበር መከመር" አለ።

ባሕር መሥራት ይቻላል፤ ባሕር መድፋት ግን የት ተብሎ? ጓሮ ደፋሁ፤ ፓፓያዬ በሁለት ሳምንት ቅጠሏን አራግፋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ምንም በማይበቅልበት የደጃፋችን ኮረት ላይ በጀሪካን አፈሰስኩት። ሲደርቅ ነጭ ሆነ። የሰፈሩ ላሞች ማታ ከግጦሽ ሲመለሱ መንገድ ቀይረው በእኛ ደጅ ማለፍ፣ አልፈውም አለመሄድ ጀመሩ። እረኞቹ ይጮኻሉ፣ ላሞቹ ኮረት ይልሳሉ። ሐጂ በዚያ ሲያልፉ "መርከቡ ደረሰ" አሉ።

አሁን ገንዳው የወንዝ ውሃ ነው። ድንጋዩም አሸዋውም ከወንዛችን የመጣ፣ መቆሚያውም በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ። ዓሦቹን ተማሪዎቼ ናቸው በባልዲ ያመጡልኝ፤ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚረዝሙ፣ ጭቃ ቀለም፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው። በሳይንስ ስማቸው ጋራ ይባላሉ። አገጫቸው ሥር እንደ ጽዋ ያለ መምጠጫ አላቸው፤ በእሱ ድንጋይ ላይ ይጣበቁና ጎርፍ ሲመጣ አይወሰዱም፤ ተጣብቀው አልጌ ይፍቃሉ። መስታወቱ ላይ ሲለጠፉ ሆዳቸው ወደ እኛ ነው፤ አፋቸው ሲሠራ ይታያል፤ ያለፉበት ቦታ ይጠራል። ልጄ አንደኛዋን "ወልዋይ" ብላታለች። እንግዳ ሲመጣ "ይበላል?" የሚለው ጥያቄ አልቀረም፤ ግን ካያቸው በኋላ ራሱ "አይ፣ አጥንት ነው" ብሎ ይመልሰዋል።

መብራት ሲሄድ አየር እንዳያጥራቸው አንድ ዘዴ አለን። ሻይ ለማቀዝቀዝ ከብርጭቆ ብርጭቆ ከፍ አድርጎ እንደማንቆርቆር፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ። ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። አንድ ሰው መቶ ጣሳ፣ ከዚያ ተራ። ልጆቹ ሲቆጥሩ ከአርባ ወደ ስልሳ ይዘላሉ፤ አውቃለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ባለፈው ዓርብ ወንድሜ ደወለ። የብርቱካንማዋ ዓሣ ወሬ ነበረው። ከጥንዶቹ ትልቋ ሴቷ ሞታለች፤ እነዚህ ዓሦች ደግሞ ሴቲቱ ስትሞት ባልየው ቀስ በቀስ እየተለወጠ ሴት ይሆናል፣ ቦታዋንም ይይዛል። እንደ ባዮሎጂ መምህር ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ አላውቅም ነበር። ሐጂም ቡና ላይ ነበሩ፤ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከማጀት የባለቤቴ ድምፅ መጣ፦

"ማለት ባልየው ማጀት ገባ?"

ሲሳቅ ወንድሜ አብሮ ሳቀና "ጋሼ፣ ዛሬ የእኔን ተወው፤ ያንተን አሳየኝ" አለ። ስልኩን ወደ መስታወቱ አዞርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሳይ ከኋላው የጌቶቹ ባሕር በሙሉ ቀለሙ ይወዛወዛል፤ እሱ ዞር ብሎም አያየውም።

"ያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ከገደሉ ሥር ያለው ነው?"

"አዎ።"

"ስንዋኝ ልብሳችንን የምናስቀምጥበት?"

"እሱ ነው። ለሁለት ሰው ነው ያሸከምኩት።"

"ጠጋ አድርገው።"

ጠጋ አደረግኩት። ወልዋይ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ ትፍቃለች። በዚህ መሐል መብራት ሄደ፤ ፓምፑ ዝም አለ፤ ሳሎኑን የያዘው የስልኩ ብርሃን ብቻ ሆነ፣ ሰማያዊ።

"እንዳትዘጋው ጋሼ" አለ።

ባለቤቴ በጨለማው መጥታ ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፌ እጅጌዬን ጠቀለልኩና ቀዳሁ፤ ከፍ አድርጌ አፈሰስኩ። ወንድሜ ከጅዳ ይቆጥርልኝ ጀመር። አርባ ላይ ስንደርስ ትንሽ ዝም አለና፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ "ስልሳ" አለ።